የጽጌ ቆዳና የእኔ አስር ጣቶች

እኔን ብሎ የቆዳ ጠቢብ! ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ፣ የሰው ቆዳ በምን እንደሚያያዝ ካላወቅሁ ብዬ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ዶክተር ያስጨነቅሁ እኔ ነኝ። ማን ግቢ አለኝ? ማንም። የሰው ጉዳይ ሳይ እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ በሽታዬ እሱ ነው። በሳቅ ገባሁበት፣ ስወጣ ግን ድንጋይ ተሸክሜ ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ የዛሬው ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። የከተማችንን የቆሰበርን ዝናብ የማያውቅ እንግዳ "መቼ ነው የሚያባራው?" ብሎ ሲጠይቀን እርስ በርስ እየተያየን እንስቃለን። ስነሳ የጓዳዬ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ነፋ ብሎ አገኘሁት። የላዩ ልቅልቅ ከሥሩ ምርጊት ተላቆ፣ መሃሉ ውሃ ገብቶበት፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወጣ ብሏል። አስተዋይ ሰው ይተወዋል። እኔ በአንድ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። ሰፌድ የሚያህል ቁራጭ እግሬ ሥር ዘጭ አለ፣ ውሃውም ተከተለው። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። የልጅ ልጄ "እማማ፣ ምን ሆኑ?" ብላ ሮጣ መጣች። "ደብተርሽን አምጪና ተቀመጪ" አልኳት። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያሳመረችው ነገር ካለ ጥፋቱ የሷ ነው።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሳለሁ ነው። ይኸው "ወጣት" ስል ጸሐፊዬ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። እሺ፣ ሃምሳን አልፌ ነበር። ግን ወጣትነት በዓመት ነው የሚለካ ያለው ማነው? ያኔ ከፊት ጥርሶቼ አንድም አልጎደለም። ከአዘና ገበያ ቅቤ ገዝቼ፣ መኪናው ወንበር ባይኖረው ቆሜ የምመጣ ሴት ነበርኩ። ባጃጅ ቆሰበር ውስጥ መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ለሁለት እርምጃ መንገድ እንሳፈር ነበር፣ እንዲያው ለወጉ።

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። ሥራዬ ደግሞ ሕፃን ማጠብ። በሰፈራችን አንዲት ሴት ወልዳ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠራው እኔን ነበር። እግሬን ዘርግቼ እቀመጥና ጨቅላውን ቅልጥሞቼ ላይ አጋድመዋለሁ። ለብ ባለ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ቅቤ እቀባዋለሁ። ከዚያ ማሸት ነው። ጀርባውን ከላይ ወደ ታች። ክንዶቹን ደረቱ ላይ አነባብሬ ጎተት፣ ግራ እጁን ከቀኝ እግሩ አገናኝቼ ጎተት። አፍንጫውን ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ። በመጨረሻ በብብቱ ይዤ ወደ ላይ አነሳውና ነቅነቅ አደርገዋለሁ፣ አጥንቱ እንዲጸና። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ትጨነቃለች፣ እኔ እዘፍናለሁ። ቆሰበር ውስጥ አፍንጫው ቀጥ ያለ ጎረምሳ ካያችሁ የእጄ ሥራ ነው። ደፍጣጣ ካያችሁ ደግሞ ያን ቀን አሞኝ ነበር።

ከቀርቀሃ አጥሬ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ደብሬ ትባላለች። እኩያዬ ናት፤ እሷ ግን "ታናሽሽ ነኝ" ትላለች። ልጇ አበጀ ከዳንግላ ሚስት አመጣ። ብርቱካን ትባላለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ። አባቷ ዳንግላ ጋሪ ነጂ ነው። ደብሬ ለልጇ ሌላ ሴት አስባለት ስለነበር፣ ምራቷን ተሳስቶ ቤት እንደገባ ዕቃ ነበር የምታያት፤ ባለቤቱ መጥቶ የሚወስደው ዕቃ።

ብርቱካን በጽጌ ጾም፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ ሴት ልጅ ወለደች። ጽጌ አልናት። በሳምንቷ እኔ ተጠራሁ። የሕፃኗ ተረከዝ ላይ ትንሽ የተላጠ ነገር አየሁና "ስትወለድ ተፈትጋ ነው፣ ይጠፋል" ብዬ እንደ ልማዴ አጠብኳት፣ አሸኋት፣ በብብቷ ይዤ ነቀነቅኋት። ገንፎዬን በልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ደብሬ ከአጥሩ ማዶ "አንቺ ማንጠግቦሽ! ድረሽ!" ብላ ጮኸች። ስገባ ጽጌ አልጋው ላይ ናት፤ ማታ እናቷ ለቅለቅ አድርጋታለች። ጀርባዋ፣ ብብቷ ሥር፣ መጠቅለያው የታሰረበት ቁርጭምጭሚቷ፣ ሁሉም ውሃ ቋጥሯል። ባቄላ ባቄላ ያክላል። አንዱ ፈንድቶ ቆዳው እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ብርቱካን ጥግ ላይ ቆማለች።

እኔ ደግሞ የደነገጠ ቤት ሳይ ማሳቅ ያምረኛል። "የዳንግላ ሰው የውሃን ሙቀት የሚለካው በአለንጋ ነው መሰለኝ፤ የፈላውን እንዳለ ገልብጣባታለቻ!" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ደብሬ ግን ቃሉን ያዘችው።

ቀልዴ በጠዋት ቦኖ ወረደ፣ እኩለ ቀን ላይ ወፍጮ ቤት ደረሰ፣ ማታ ፍርድ ሆኖ ተመለሰ። "ብርቱካን ልጇን በፈላ ውሃ አቃጠለቻት።" በሁለተኛው ቀን ደብሬ ወሰነች። ሕፃኗ እሷ ዘንድ በላም ወተት ታድጋለች፣ ብርቱካን ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ለአባቷም ተላከበት። ብርቱካን አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

"ጡትስ ማን ይስጣት?"

ደብሬ የላሙን ወተት ልታፈላ ገባች።

ሐሙስ ዕለት ደብሬ "የሷን እጅ አላምንም፣ አንቺ እጠቢልኝ" ብላ ጠራችኝ። ልብሷን ገልጬ ሕፃኗን አየኋት። ከማጠቤ በፊት ግን ዐይኔ ነገር ያዘ። ቃጠሎ አውቃለሁ። ሁለተኛው ልጄ በትንሽነቱ ድስት ገልብጦ ነበር። የፈላ ውሃ መንገድ አለው፤ እንደ ወንዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይንጠባጠባል፣ የአንገት እጥፋት ካገኘ እዚያ ይተኛል። የጽጌ መንገድ የለውም። እዚህ አንድ ክብ፣ እዚያ አንድ ክብ። ሆዷ ደህና ነው። አንገቷ ደህና ነው። ይሄ ውሃ እየመረጠ ነው እንዴ የሚፈሰው? አልኩ በልቤ።

ቆጠርኳቸው። ጀርባዋ ላይ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት። ከፊት፣ ብብቷ ሥር፣ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ።

እጄን ዘረጋሁ። ሳልነካት፣ ከላይ ከላይ፣ ቀኝ እጄን አስጠጋሁት። አራቱ ጣቶቼ በአራቱ ላይ ልክክ አሉ። አውራ ጣቴ በአንዱ ላይ። ግራ እጄን ሞከርኩ። እሱም ልክክ።



"ምነው ዝም አልሽ?" አለች ደብሬ። "አንቺም ዝም ትያለሽ እንዴ?"

"ዛሬ አትታጠብ፣ ብርድ ነው" ብዬ ሸፍኛት ወጣሁ።

ያን ቀን የቀቀልኩት ድንች ቀዝቅዞ ለውሻ ተሰጠ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ብርቱካን አይደለም። ስለ ራሴ ነው። "እጇ ክፉ ነው" ከተባልኩ ማን ልጁን ይሰጠኛል? ዝም ብል ግን ማንም አያውቅም፤ ያቺ የዳንግላ ልጅ ብቻ ጡቷ ወተት አግቶ መንገድ ትወጣለች።

ደግሞ ሌላ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ለምን ይቺን ብቻ? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በነዚሁ ጣቶች አሽቻለሁ፣ ከዚህ የባሰ ጎትቻለሁ። አንዱም ውሃ አልቋጠረም። የራሴን ክንድ አሸሁት፣ ቆነጠጥኩት፣ ሳብኩት፤ ተመልሶ ቦታው ገባ። ሊጠይቀኝ የመጣውን ሰው ሁሉ "እስቲ ክንድህን" እያልኩ ሳሽ ዋልኩ። የሰዉ ቆዳ ሁሉ እንደ ተሰፋ ሆኖ በቦታው ነው። በምን ነው የተሰፋው? ስድሳ ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ ይሄን አንድም ቀን አለመጠየቄ ገረመኝ።

አርብ ጠዋት ደብሬን "ክትባት አላት፣ ብርቱካን መንገድ ላይ ጡት ትስጣት፣ እኔ አብሬ ልሂድ" ብዬ ዋሸኋት። ሕፃኗን ትራስ ላይ አስተኝተን፣ ትራሱን እንደ ታቦት ይዘን ባጃጅ ውስጥ ገባን። መንገዱ ላይ ብርቱካን ዞር አለችብኝ። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉት?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አሁን ምን ይፈልጋሉ?"

"ያልኩት እውነት መሆኑን ላይ።"

"ከተናገሩ በኋላ?"

ወደ ውጭ አየሁ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሁለታችንም ትራሱን እናነሳ ነበር።

ሆስፒታል የደረሰችን ዶክተር ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። ሕፃኗን አልያዘቻትም። ጎንበስ ብላ አየች፣ ተረከዟን አየች፣ አፏን ከፍታ ውስጡን አየች። ከዚያ "ማን ነው ያሻት?" አለች።

ብርቱካን አፏን ልትከፍት ስትል "እኔ" አልኩ። ብርቱካን ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም፤ ቁጣም አይደለም፣ እንደ ገና ስትመዝነኝ ነው።

"ይሄ ውሃ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "ማንም አላቃጠላትም። ይዛው የተወለደችው ነው።"

ብርቱካን ወንበሩን ትታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ከወለደች ጀምሮ ያጠራቀመችውን።

እኔ ግን መች ይበቃኛል። "ምኑን ይዛ ነው የተወለደችው?" አልኩ።

"ቆዳዋ የሚያያዝበት ነገር ጎድሎ ነው እማማ።"

"ምን ነገር?"

"ረጅም ነው..."

"ንገሪኝ፤ እኔ እንደሆነ ዛሬ ሥራ የለኝም።" ውጭ የተሰለፈው ሕዝብ ሳይረግመኝ አልቀረም።

ወረቀት አወጣችና ሳለችልኝ። ቆዳ አንድ አይደለም አለች፤ የተነባበረ ነው። የላይኛው በዐይን በማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው፤ ሴል ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ሴል ከጎኑ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ከሥሩ ካለው ቆዳ ጋር። "ማያያዣዎቹን እንደ ጥቃቅን ሚስማር ያስቧቸው" አለችኝ።

"ሚስማሩ ከምንድን ነው?"

"ከፕሮቲን።"

"የጤና ኤክስቴንሽኗ እንቁላል ብሉ፣ ሽሮ ብሉ የምትለን?"

"እሱንም ይጨምራል። ሰውነት የበላነውን ይፈታና ለራሱ የሚሆነውን እንደ ገና ይሠራበታል። ብዙ ዓይነት ነው የሚሠራው።"

"ሚስማሩን ማን ይመታዋል?"

ሳቀች። "እሱ ነው የሚገርመው። ማንም አይመታውም፣ ራሳቸው ናቸው የሚገጣጠሙት። አንደኛው ፕሮቲን የሴሉን ግድግዳ ሰንጥቆ ይቆማል፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። ውጭ ያለው ከሥር ያለውን ቆዳ ይይዛል። ውስጥ የቀረውን ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ይመጣና ይይዘዋል። ሴሉ ውስጥ እንደ ገመድ የተዘረጉ ክሮች አሉ፤ እነሱ እዚያ ላይ ይታሰራሉ። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው። ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ነው የሚጸኑት። ያን ጊዜ ቢያሹትም አይላቀቅም።"

"አለቃቸውስ? ደቦ እንኳ 'አንተ ያንን ያዝ፣ አንቺ ይሄን አቀብዪ' የሚል ሰው ይፈልጋል።"

"አለቃ የላቸውም። ቅርጻቸው ነው የሚመራቸው። የአንዱ ጉብታ ለሌላው ጎድጓዳ የተሠራ ነው። ሲንሳፈፉ ይገናኛሉ፤ የገጠመው ይይዛል፣ ያልገጠመው ያልፋል።"

"ሳይጠራሩ?"

"ሳይጠራሩ።"

"አንዱ ቢቀርስ?"

"የጽጌ ችግር እሱ ነው። አንዱ ዓይነት ከቀረ ወይ ቅርጹ ከተበላሸ፣ ሌሎቹ ይመጡና የሚይዙት ያጣሉ። ቆዳው ላይ ያለ ይመስላል፣ ትንሽ ሲታሽ ግን ይላቀቃል፣ በመሃሉ ውሃ ይገባል። የትኛው እንደ ጎደለ እኔ እዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም።"

አላውቅም የምትል ዶክተር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወደድኳት። "ጭድ የሌለው ምርጊት ነው በይኛ!" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እማማ፣ ከኔ ሥዕል ያንቺ..." ብላ ጀምራ "የእርስዎ ይሻላል" ብላ አረመች፤ የገጠር ልጅ አልነበረችም፣ እርስዎ ማለት አንዳንዴ ይጠፋባት ነበር።

ከዚያ ብርቱካንን አስነስታ አስተማረቻት። ሕፃኗን በብብት ማንሳት የለም፤ መዳፍን ከሥር ዘርግቶ እንደ ትሪ ማንሳት ነው። ማሸት የለም፣ አጥብቆ ማሰር የለም። ውሃ የቋጠረውን በንጹሕ መርፌ ወጋ አድርጎ ማፍሰስ፣ የላይኛውን ቆዳ ግን እንደ ክዳን መተው። ቫዝሊን የተቀባ ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ። "ትኖራለች?" አለች ብርቱካን። "ከባድ ዓይነት አለው፣ ቀላልም አለው" አለች ዶክተሯ። "አፏ ውስጥ የለም፣ ጥሩ ምልክት ነው። እያደገች ስትሄድ ሊቀልላት ይችላል። ቃል ግን አልገባም።" ወረቀትም ጻፈችልን።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ብርቱካን አንድ ቃል ነው ያለችኝ። "እሁድ ይመጣሉ?"

"ምን ቦታ እሄዳለሁ?" አልኳት። ግን ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ሳስብ የዋልኩት እሱን ነው። አዘና ዘመድ አለኝ። ሄጄ አድሬ ሰኞ ብመለስስ? ወረቀቱ አለ፣ ወረቀቱ ይናገርላታል። ነጠላዬን ሁሉ አጥፌ ነበር።

እሁድ ደረሰ፣ አዘና አልሄድኩም። ሦስት ሽማግሌዎች ደብሬ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ዋናው አያ ታከለ ናቸው። የብርቱካን አባት ከዳንግላ በሚኒባስ መጥቷል። ጋሪውንና ፈረሱን ትቶ አለንጋውን ግን ይዞ፣ ግራ ገብቶት በእጁ ይጠቀልለዋል። በሩ ላይ የብርቱካን ልብስ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። እሷ ሕፃኗን በመዳፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አበጀ መሬት ያያል።

ደብሬ ተናገረች፣ ረጅም። ወረቀቱ ሲወጣ በእንግሊዝኛ ነው። ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ተገላብጦ አለፈ። አበጀ ተቀበለና "ስኪን..." ብሎ ቆመ። "እሱ ምንድን ነው?" አሉት። "ቆዳ" አለ። "ቆዳ መሆኑንማ እያየነው ነው!" አሉ አያ ታከለ።

ተነሳሁ። "አያ ታከለ፣ እስከዚህ ግድግዳ ድረስ ይምጡልኝ።" አበጀ ለእናቱ በመስከረም በጥድፊያ የሠራላት የማድ ቤት ግድግዳ ነበር። በመዳፌ ተጭኜ ግድግዳውን አሸት አደረግሁት። ምርጊቱ ከቀርቀሃው ተላቆ ወደቀ። ደብሬ "ቤቴን!" ብላ ጮኸች።

"ውሃ አፈሰስኩበት?" አልኩ።

"አላፈሰስሽም።"

"ታዲያ ምን ጣለው?"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲመርጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም በአንድ አፍ "ጭድ የለውማ!" አሉ። አንደኛው ቁራጩን አንስቶ በጣቱ አፈረፈረው። አያ ታከለ ወደ አበጀ ዞሩ። "ጭቃውን ስንት ቀን አቦካኸው?"

"አንድ ቀን።"

"አንድ ቀን! ጭድስ?"

"አልቆብኝ..."

እንግዲህ ሽማግሌው ሁሉ የመጣበትን ረስቶ ስለ ጭቃ መፍረድ ጀመረ። ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኳቸው። "የዚች ልጅ ቆዳም እንደዚሁ ነው! ላይኛውን ከሥረኛው የሚይዘው ነገር ሲሠራ ጎድሎ ነው የመጣው። ዶክተሯ ናት ያለችው። እናቷ ውሃ አላፈሰሰችም።"

አያ ታከለ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። ሞኝ ሰው አይደሉም። "እሺ፣ ጭድ የለውም እንበል" አሉ። "ግን ይሄ ግድግዳ ከመስከረም ጀምሮ ቆሞ ነበር። የጣለው ያንቺ እጅ ነው። ልጅቷንስ ማን አሻት?"

በራሴ ምሳሌ ያዙኝ። ብርቱካን ታውቃለች፤ አፏን አልከፈተችም። ወደ እኔም አላየችም። ብትናገር ይቀለኝ ነበር።

ሄድኩና የሕፃኗን ልብስ ከጀርባዋ ገለጥኩ። መድረቅ ጀምሯል፣ ምልክቱ ግን አለ። እጆቼን ከላይ ዘረጋሁ። አራት፣ አራት። አንድ፣ አንድ።

"እኔ" አልኩ። "እንደ ሁሉም ልጅ አሸኋት፤ አላወቅሁም። ይሄ ይሁን። 'በፈላ ውሃ አቃጠለቻት' ያልኩት ግን ሳላይ ነው፣ ለሳቅ።"

ደብሬ "አንቺ ነሽ?" አለች። የብርቱካን አባት አለንጋውን መጠቅለል አቆመ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ብርቱካን ከልጇ ጋር ከቤቷ አትወጣም። ማንጠግቦሽ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ። ዞር ዞር ብዬ ቡጢ የምታህል ድንጋይ መረጥኩና ትከሻዬ ላይ አደረግሁ።

"እሷን ለጉልቻም አንፈልጋት!" አሉ አያ ታከለ። "ያንን አንሺ!"

ያንን አነሳሁ። አንገቴ ጎበጠ። ብርቱካን እግር ሥር ተንበርክኬ፣ "ማሪኝ" አልኳት። ሕፃኗን ለአበጀ ሰጠችው፤ "መዳፍህን ከሥር ዘርጋ" ብላ አስተካክላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከትከሻዬ በሁለት እጇ አነሳችልኝ። "ይማርዎት እማማ" አለች። ቀጥላ ጆሮዬ ላይ፣ "እኔማ ቅዳሜ ይጠፋሉ ብዬ ነበር" አለችኝ። ያቺ ዝምተኛ! አባቷ ድንች በሚጥሚጣ በልቶ አለንጋውን ይዞ ብቻውን ወደ ዳንግላ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሕፃን እጠቢ ብሎ የጠራኝ የለም። አኮረፍኩ፣ ከዚያ ለመድኩት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠሩኝ ጀመር። አሁን ስጠራ መጀመሪያ ተረከዙን አያለሁ። መዳፌን ከሥሩ ዘርግቼ አነሳዋለሁ። ማሸቱን ትቼዋለሁ፤ አፍንጫ ራሱ ያወጣውን ያውጣ ብያለሁ።

ጽጌ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ፀሐይ ሲጠነክርና ብዙ ስትሄድ እግሯ ውሃ ይቋጥራል፤ መርፌዋን ራሷ ታውቅበታለች። ስፌቱ እንዳይፈትጋት ካልሲዋን ገልብጣ ነው የምታደርገው፤ ጓደኞቿ ፋሽን መስሏቸው እነሱም ይገለብጣሉ።

እኔን ግን ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለዕረፍት የሚመጣ ተማሪ ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ዶክተሯ ቅርጻቸው ነው አለች። እሺ፣ ሳይጠራሩ ይገናኙ። አንዱ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የሚይዘው እንደሚመጣ በምን ያውቃል? አያውቅም ይሉኛል፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ይመጣል። ክንዴን አየዋለሁ። ተሸብሽቧል፣ ተንጠልጥሏል፣ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት በፀሐይና በጭቃ ተፈትጎ አልተላቀቀም። እዚያ ውስጥ ማንም ያላዘዛቸው፣ ማንም ያላመሰገናቸው ስንትና ስንት ጥቃቅን ነገሮች ተያይዘው ቆመዋል። ሰው ሲሰድበኝ እንኳ አሁን ቶሎ አልቆጣም፤ ቆዳውን አይና "እሱንም እየያዙት ነው" እላለሁ።

ይሄን ሁሉ ሳስጽፍ ደብሬ መጥታ ደጃፌ ላይ ድንች እየላጠች ትሰማ ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝና፦

"ያ ሁሉ ሚስማር ቆዳሽ ላይ አለቀ? ለምላስሽ አንድ ቢተርፍ ምን ነበረበት!"